«ሪሞትሊ»፦ በሩቁ እና በሩቁም ቢሆን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤቴ ሆኜ የምሠራው ሥራ ስፈልግ አንድ ማስታወቂያ አየሁና ማመልከቻ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር አስተካከልኩ። ታዲያ የመጀመሪያው መስመር ላይ ምን ብዬ ጽፌ ነበር መሰላችሁ? «አይ አም ሪሞትሊ ኢንተረስትድ ኢን ዚስ ፖዚሽን»። ለማለት የፈለግኩት «ቤቴ ሆኜ ብሠራ ደስ ይለኛል» ነው። እንግሊዝኛው የሚለው ግን «ሥራችሁ ያን ያህልም አላጓጓኝም፣ እንዲያው ለአመል ነው የምጽፍላችሁ» ነው። መልስ አልመጣም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አልመልስም ነበር።

ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። አንድ ባልደረባዬን ስለ አንድ ኮሜዲ «ያስቃል?» ብለው ሲጠይቁት ፊቱን አጨማዶ «ኖት ሪሞትሊ» ብሎ መለሰ። ሪሞትና ሳቅ ምን አገናኛቸው ብዬ ግራ ገባኝ። ለካ ቃሏ ሁለት ፊት አላት፤ እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነበር።

ሁለቱም ግን የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው። «ሪሞት» ማለት ሩቅ ማለት ነው። ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ መነሻው ወደ ኋላ ማራቅ፣ ከቦታው ማንሳት የሚል ግስ ነው፤ እንግሊዝኛው «ሪሙቭ» የሚለውም የዚያው ቤት ልጅ ነው። የቴሌቪዥኑ ሪሞትም ሙሉ ስሙ «ሪሞት ኮንትሮል» ነው፣ ከሩቅ መቆጣጠሪያ። እኛ ግማሹን ጥለን ግማሹን አስቀረን። (በነገራችን ላይ ዜኒት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው የቴሌቪዥን ሪሞት በሽቦ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘ ነበር። የሩቅ ነገር በገመድ ታስሮ!) እና «ሪሞት» ሩቅ ከሆነ፣ «ሪሞትሊ» በሩቁ ነው። ይቺን «በሩቁ» የምትል ቃል ያዙልኝ። አንደኛው ፊት «በሩቁ» ነው፤ ሁለተኛው «በሩቁም ቢሆን» ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

ከቀላሉ እንጀምር። በሩቁ።

«አይ ወርክ ሪሞትሊ» ስትሉ ቢሮው ሌላ ቦታ ነው፣ እናንተ ሌላ ቦታ ናችሁ፣ ሥራው ግን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሁሉንም ቤቱ ሲያስቀምጠው ቃሏ የሁሉም አፍ ውስጥ ገባች እንጂ ከዚያ በፊትም ነበረች። እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 2001 ኒውዮርክ የተቀመጡ ሐኪሞች ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ውስጥ የተኛች ሴትዮን የሐሞት ከረጢት በሮቦት አማካኝነት አወጡላት። መሃላቸው አትላንቲክ ውቅያኖስ አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይሄን ሲያወራ «ዘ ሰርጀሪ ዋዝ ፐርፎርምድ ሪሞትሊ» ይላል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይትም ስሟ ውስጥ «ሪሞት ሴንሲንግ» የሚል አለ፤ ምድርን ሳይነኩ በሩቁ ማየት ማለት ነው።

ከልምዴ ስነግራችሁ፣ በዚህ ትርጉም «ሪሞትሊ» የምትስማማው ሥራው የራሱ ቦታ ሲኖረው ነው። ቢሮ አለ፣ ክፍል አለ፣ ኮምፒውተር አለ፣ ሕመምተኛ አለ፤ እናንተ ግን እዚያ የላችሁም። ስለዚህ ፋይል ሪሞትሊ ይከፈታል፣ ካሜራ ሪሞትሊ ይታያል፣ ስብሰባ ሪሞትሊ ይገባል። ጫማ ግን ሪሞትሊ አይገዛም፣ «ኦንላይን» ነው የሚገዛው። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ሰው አለ።

ቦታዋ ደግሞ ከግሱ በኋላ ነው። «አይ ወርክ ሪሞትሊ» እንጂ «አይ ሪሞትሊ ወርክ» ብትሉ የሚሰማችሁ ሰው ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል። «ኮንትሮልድ»፣ «ኦፐሬትድ» ከመሳሰሉት ጋር ስትሆን ብቻ ከፊት ትመጣለች፦ «ሪሞትሊ ኮንትሮልድ»። ከስም ጋር ደግሞ ጭራሽ አትሄድም። «ሪሞትሊ ጆብ» የሚባል ነገር የለም፤ «ሪሞት ጆብ» ነው። «ሊ» የምትለዋን ጭራ ከግስ ጋር ትቀጥላላችሁ፣ ከስም ጋር ትቆርጣላችሁ።

እኛ የምንወድቅባቸው ሦስት ጉድጓዶች አሉ። የመጀመሪያው «ሩቅ ነው የምኖረው» ለማለት «አይ ሊቭ ሪሞትሊ» ማለት ነው። ቤታችሁ ከከተማው ራቅ ያለ ከሆነ «አይ ሊቭ ፋር ፍሮም ዘ ሲቲ»፣ መኪና የማይደርስበት ገጠር ከሆነ ደግሞ «ኢን ኤ ሪሞት ኤሪያ» በሉ። ሁለተኛው «በሩቁ አውቀዋለሁ» ነው። አማርኛው እንዴት ደስ ይላል! ሰላምታ የለንም፣ ግን ማን እንደሆነ አውቃለሁ ማለት ነው። እሱን «አይ ኖው ሂም ሪሞትሊ» ብላችሁ እንዳትገለብጡት። እንግሊዝኛው አንዲት ትንሽ ቃል ይጨምርና ይገላገላል፦ «አይ ኖው ኦፍ ሂም»። ሦስተኛው የርቀት ትምህርት ነው። በዲስታንስ ተምራችሁ ሲቪያችሁ ላይ «ስተዲድ ሪሞትሊ» ብትሉ አንባቢው በላፕቶፕ በቪዲዮ ስትማሩ ነው የሚታየው፤ ያን ሁሉ ሞጁል ተሸክማችሁ ለቱቶሪያል ስትመላለሱ አይታየውም። «ዲስታንስ ኤጁኬሽን» ብላችሁ ጻፉት፣ ስሙ እሱ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። በሩቁም ቢሆን።

ጎረቤት ቡና ሲቆላ አስቡ። ቤቱ ውስጥ ካላችሁ ጭሱ ዓይናችሁ ውስጥ ነው። ግቢው ውስጥ ካላችሁ ሽታው ደህና አድርጎ ይመጣል። ሰፈሩ ጫፍ ላይ ብትቆሙ ደግሞ ነፋሱ ካገዛችሁ ትንሽ ሽው ይልባችኋል። «ሪሞትሊ» ማለት ያ የመጨረሻው ቦታ ላይ መቆም ነው። ያን ኮሜዲ «ኖት ሪሞትሊ ፈኒ» ብሎ የጣለው ባልደረባዬ «ሰፈሩ ጫፍ ላይ ቆሜ እንኳ የሳቅ ሽታ አልመጣልኝም» ማለቱ ነው። አማርኛም እኮ «ሽታውም የለ» ይላል። «አጠገቡም አይደርስ» ይላል። እነሱም እኛም የማነስን ነገር በርቀት ነው የለካነው።

ስለዚህ «ኖት ሪሞትሊ» ስትሰሙ በፍጹም፣ ጭራሽ፣ ቅንጣት ታህል እንኳ ብላችሁ ተርጉሙት። «ሂ ኢዝ ኖት ሪሞትሊ ኢንተረስትድ»፦ ጭራሽ ጉዳዩም አይደለም። «ዳት ኢዝ ኖት ሪሞትሊ ትሩ»፦ የእውነት ሽታም የለበትም። «ኢት ዳዝንት ሪሞትሊ ሪዘምብል ሂም»፦ ምኑም እሱን አይመስልም። መግፋት ሲፈልጉ ከፊቷ «ኢቭን» ያስቀድማሉ፦ «ኖት ኢቭን ሪሞትሊ»። ይቺ ብቻዋን ሙሉ መልስ ትሆናለች። «ደክሞሃል?» «ኖት ኢቭን ሪሞትሊ።» በቃ። እኔ የምወዳት ግን «ኖት ኢቭን ሪሞትሊ ክሎስ» የምትለዋን ነው። ሩቅና ቅርብ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንድ ሰው ግምቱ ፈጽሞ ሲስት የምትባል ናት፣ አማርኛዋ «አጠገቡም አልደረስክ» ነው።

ታዲያ የእኔ ደብዳቤ ምን ነካው? እሱ ላይ አሉታ የለም። «ሪሞትሊ» በዚህ ትርጉሟ ተራ አዎንታዊ ዓረፍተ ነገር አትወድም። «ትንሽ ደክሞኛል» ለማለት «አይ አም ሪሞትሊ ታየርድ» ብትሉ ስህተት ነው፤ «ስላይትሊ ታየርድ» ወይም «ኤ ሊትል ታየርድ» ነው የሚባለው። መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ «በጥቂቱ» የሚል ትርጉም ብታገኙ ሸውዷችሁ እንዳይሄድ። ይሄን ለማጣራት ፈረንጅ መጠየቅ አያስፈልግም፣ «ቅንጣት ታህል» የሚለው የራሳችን አነጋገር ይበቃል። «ቅንጣት ታህል አልደከመኝም» ይባላል። «ቅንጣት ታህል ደክሞኛል» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አይባልም። «ሪሞትሊ»ም እንደዚያው ናት፣ ፀባያቸው አንድ ነው። አማርኛው ጆሯችሁን ከቆረቆረው እንግሊዝኛውም እነሱን ይቆረቁራቸዋል።

አሉታ ብቻ ነው እንዴ ታዲያ? አይደለም፤ ነገሩ ያልተረጋገጠ ወይም ገና የሚፈለግ ከሆነም ትገባለች። ጥያቄ ላይ ትመጣለች፦ «ዳዝ ዚስ ሉክ ሪሞትሊ ፋሚሊያር ቱ ዩ?» ይሄ በሩቁም ቢሆን አይተኸው የምታውቅ ይመስልሃል? «ኢፍ» ባለበትም ትመጣለች፦ «ኢፍ ዩ አር ኢቭን ሪሞትሊ ኢንተረስትድ፣ ኮል ሚ»፣ ትንሽ እንኳ ፍላጎቱ ካለህ ደውልልኝ። (አያችሁ፣ የእኔ ዓረፍተ ነገር ከፊቱ «ኢፍ» ቢኖረው ኖሮ ትክክል ይሆን ነበር። ሌላ ሰው ለእኔ ቢጽፈው ማለቴ ነው።) «ኤኒ» ከሚል ቃል ጋርም ጥሩ ትሄዳለች። «ኤኒዋን ሪሞትሊ ፋሚሊያር ዊዝ አዲስ አበባ» ብላችሁ ጀምሩና በሰኞ ጠዋት የመገናኛን መንገድ ሳይፈራ የሚወጣ የለም ብላችሁ ጨርሱት፤ አዲስ አበባን በሩቁም ቢሆን የሚያውቅ ሁሉ ማለት ነው። «ኦንሊ» ካለም ይሆናል፦ ፍሪጁን ከፍታችሁ አንድ ሽንኩርት ብቻ ስታገኙ «ዚ ኦንሊ ሪሞትሊ ኢዲብል ቲንግ» እሱ ነው፣ ይበላል ቢባል እንኳ የሚቀርበው።

አንድ የምታፈነግጥ አለች። «ኢት ኢዝ ሪሞትሊ ፖሲብል» ይባላል፣ ያለ አሉታ። ትርጉሟ «የሚሆን አይመስለኝም፣ ግን ዜሮ ነው አልልም» ነው። የሆነ ሰው እንዲህ ሲላችሁ ተስፋ አድርጋችሁ እንዳትቀመጡ፤ በጨዋ አነጋገር እየሸኛችሁ ሊሆን ይችላል። «ኖት ሪሞትሊ ፖሲብል» ካላችሁ ደግሞ በሩ ተዘግቶ ቁልፉም ተወርውሯል።

የአንዲት ቃል ቦታ ነገሩን ሁሉ ሲገለብጠው ለማየት እነዚህን ሁለቱን አስተያዩ፦

«ዚስ ዳዝንት ወርክ ሪሞትሊ።»

«ዚስ ዳዝንት ሪሞትሊ ወርክ።»

ቃላቱ አንድ ናቸው። የመጀመሪያው፣ ይሄ ነገር ከርቀት አይሠራም፣ ቢሮ መጥተህ ሞክረው። ሁለተኛው፣ ይሄ ነገር ጭራሽ አይሠራም፣ ቢሮ መጣህ አልመጣህ። ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ጋ ደውላችሁ ሁለተኛውን ብትሉት ሙሉ በሙሉ የሞተ ማሽን ይዤ ነው ብሎ ነው የሚመጣው፤ ችግሩ ግን የይለፍ ቃል ሊሆን ይችላል። መጨረሻ ላይ ስትቀመጥ በአብዛኛው ቦታን ነው የምትናገረው፣ ከሚቀጥለው ግስ ወይም ቅጽል ፊት ስትቆም መጠንን። በአፍ ሲሆን ድምፅም ያግዛል፤ መጠን ለማለት ሲፈልጉ ቃሏን ራሷን ጫን አድርገው ነው የሚጠሯት። በጽሑፍ ግን ያ ስለሌለ፣ ከተጠራጠራችሁ ሌላ ቃል ተጠቀሙ። «አት ኦል» ለመጠኑ፣ «ፍሮም ሆም» ለቦታው። ማንም አይቀጣችሁም።

ስለ ዝምድና ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም እኛ እስከ ሰባት ቤት ስለምንቆጥር ይሄ ነገር ሳይመጣ አይቀርም። «የሩቅ ዘመዴ ናት» ለማለት «ሺ ኢዝ ኤ ዲስታንት ሬላቲቭ» ወይም «ዊ አር ዲስታንትሊ ሪሌትድ» ይሻላል፤ ለሥጋ ዝምድና የተለመደው «ዲስታንት» ነው። «ሪሞትሊ ሪሌትድ» በብዛት የምትሰማው ጉዳይና ጉዳይ ሲነካካ ነው፦ ከሂሳብ ጋር በሩቁም ቢሆን የሚነካካ ነገር ሁሉ ራሴን ያመኛል፣ «ኤኒቲንግ ሪሞትሊ ሪሌትድ ቱ ማት»። ግን «ዊ አር ኖት ኢቭን ሪሞትሊ ሪሌትድ» ብትሉ ለሰውም ይሆናል። ዘር ማንዘር አያገናኘንም፣ ሽማግሌ መላክ ይቻላል።

ጥንካሬዋን ደግሞ አትናቁ። «ኖት ሪሊ» ለስለስ ያለች ናት፤ «ያን ያህል እንኳ» እንደማለት። «ኖት ሪሞትሊ» ግን ትቆርጣለች። አማቻችሁ ያበሰሉትን «ወደድከው?» ብለው ሲጠይቁ «ኖት ሪሞትሊ» ካላችሁ ራታችሁን ሌላ ቦታ ፈልጉ። አለቃ ጋ በሚጻፍ ኢሜይል ላይም «አይ አም ኖት ሪሞትሊ ሃፒ» ጠብ ነው። እንግሊዞች ግን ይቺን ነገር በጣም ይወዷታል፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ሰው ለመጨረስ ትመቻቸዋለች።

ከዚሁ ቤት «ሪሞተስት» የምትባል እህት አላት። «አይ ሃቭንት ዘ ሪሞተስት አይዲያ» ማለት «ምኑንም አላውቅ» ነው። እሷም ያው አሉታ ትፈልጋለች። ልቦለድ ላይ ደግሞ አንዳንዴ «ሂ ስማይልድ ሪሞትሊ» የሚል ታገኛላችሁ። እሱ ቦታም መጠንም አይደለም፤ ሰውየው ፈገግ ብሏል፣ ልቡ ግን ሌላ አገር ሄዷል። አንብቡት፣ ለመናገር ግን አያስፈልጋችሁም።

አነባበብ። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ በ«ት»ና በ«ሊ» መሃል ያለችው «ኢ» አትነበብም። «ሪሞተሊ» ወይም «ሪሞቴሊ» አይደለም፣ «ሪ-ሞውት-ሊ» ነው፣ ጫናው «ሞው» ላይ። እኛ ተነባቢ ሲደራረብብን መሃሉ ላይ አንዲት ድምፅ የመጨመር ልማድ አለን፤ እዚህ ላይ ያዝ አድርጉት። አሜሪካኖቹ ደግሞ «ት»ዋን ጉሮሯቸው ውስጥ ስለሚውጧት በስልክ «ሪሞውሊ» የሚል ይመስላል። መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ የሰው ስም መስሎኝ ነበር።

እስቲ እነዚህን ራሳችሁ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሯቸው። አንድ፦ «ሐሙስና ዓርብ ቤቴ ሆኜ ነው የምሠራው።» ሁለት፦ «ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፣ ወደ አቅማችን እንኳ አይጠጋም።» ሦስት፦ «ትንሽ ተበሳጭቻለሁ።»

የመጀመሪያው ላይ «ወርክ ሪሞትሊ» ነው፣ ቀኖቹ ከኋላ ይከተላሉ። ሁለተኛው ላይ «ኖት ሪሞትሊ አፎርደብል»። ሦስተኛው ላይ «ሪሞትሊ» ካስገባችሁ ወደ ቅንጣቷ ተመለሱ፤ «ስላይትሊ» ነው።